የጨቅላ ሕፃናት ሕመም መለያ መመሪያ በምን ይመዘን?

በጣና ዳርቻ ወዳለ ጤና ኬላ የታመመ ጨቅላ ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ራጅ የላትም፤ የምትመራው ምልክቶችን በሦስት ቀለም በሚለይ መመሪያ ነው። ሮዝ ሆስፒታል የሚላከውን፣ ቢጫ እዚያው የሚታከመውን፣ አረንጓዴ የቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚበቃውን ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ይህ ዘዴ ቀድሞ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ጥናት ከሦስት ጤና ጣቢያዎች የተመረጡ ስድስት ባለሙያዎች ዘጠኝ ቀን ሠልጥነው፣ 449 ሕፃናት ታይተው፣ አብዛኞቹ በትክክል ተመድበዋል። ሕፃናቱ ግን ከሁለት ወር በላይ የሆናቸው ነበሩ፤ ሞቱ የጠናው ደግሞ ከዚያ በታች ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 166 በ2019 ወደ 59 ሲወርዱ፣ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ከ49 ወደ 33 ብቻ ነው የቀነሱት። ከሲሶ በታች የነበረው የጨቅላዎች ድርሻ ከግማሽ አልፏል ማለት ነው።

ለጨቅላዎቹ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በስድስት አገሮች ወደ 8,900 ጨቅላዎች ተመርምረው ሰባት ምልክቶች ተለዩ፦ ጡት መጥባት መቸገር፣ ማንቀጥቀጥ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደረት ክፉኛ መሰርጎድ፣ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ መተኮስ፣ ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ። በመጀመሪያው ሳምንት ከእነዚህ አንዱን መፈለግ ብቻ፣ ሆስፒታል ከሚያስፈልጋቸው 100 ጨቅላዎች 85ቱን ይይዛል፤ ከማያስፈልጋቸው 100 ደግሞ 25ቱን አብሮ ይልካል። ኢትዮጵያ ከስድስቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም።

እነዚያ 25 የሚያሳስባቸው ሰዎች እውነት አላቸው። ከደቅ ደሴት ባሕር ዳር በጀልባ መምጣት ለአንዲት አራስ ድካምም ወጪም ነው፤ ሳያስፈልግ የተሰጠ ጀንታማይሲንና አሞክሳሲሊንም ጀርሞችን መድኃኒት ያለማምዳል። ነገር ግን ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይመዝኑም፤ ደሙ የተመረዘ የአንድ ሳምንት ልጅ በሰዓታት ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ አብዝቶ መላክ ይሻላል። ስህተቱን የሚቀንሰው ምልክት መሰረዝ ሳይሆን አሠራርን ማጥራት ነው፤ ሕፃኑ ጸጥ ሲል ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር፣ 60 ከደረሰም ደግሞ መቁጠር።

ከዚህ የከበደ ጉድለት አለ። 85 የሚለው ቁጥር የተገኘው ጤና ተቋም ከመጡ ጨቅላዎች ነው። በአካባቢያችን ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት ብዙም አይወጡም፤ አደገኛው ሳምንት የሚያልፈው ደጃፉ ሳይታለፍ ነው። ከ100 ታማሚዎች 40 ብቻ መጡ እንበል፤ መመሪያው የሚይዘው 34ቱን ብቻ ይሆናል። ይህ የአገልግሎት እንጂ የመመሪያ ችግር አይደለም የሚል ይኖራል። ሆኖም መመሪያ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሚመረመር ካልወሰነ ግማሽ መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ማኅበረሰብ ተኮር የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ የቤት ለቤት ጉብኝትን የያዘውም፣ ሆስፒታል መሄድ ላልቻሉት በጤና ኬላ ሕክምና የፈቀደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምዘናው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የተላከ እያንዳንዱ ጨቅላ ምን ተገኘበት የሚለው መልስ ወደ ላከው ጤና ኬላ ይመለስ። በአረንጓዴ የተመደቡትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ይታዩ፤ ያመለጠ ሕፃን በሌላ መንገድ አይታወቅምና። የባለሙያዋ ሥራ እንደሚበዛ አይካድም፤ ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ የሚጻፉበት መዝገብ አጭር፣ ጉብኝቱም ለክትባትና ለጡት ማጥባት ምክር ከምትሄድበት ጋር የተጣመረ ይሁን። የጎንደሩ ጥናት ባለሙያዎች መመሪያውን በትክክል መከተል እንደሚችሉ አሳይቷል። መመሪያው ጨቅላዎቻችንን ማዳን አለማዳኑን የሚነግረን ግን ይህ መዝገብ ነው።