አንዲት እንቁራሪት አዲስ ዝርያ መሆኗ እንዴት ይታወቃል?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በቢቢታ ተራራ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ወርቃማ መልክ ያላት አንዲት እንቁራሪት ትኖራለች። ወንዱ 17 ሚሊ ሜትር፣ ሴቷ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ቢመለከቱ መጠኗ ይገባዎታል። የአካባቢው ሰው አይቷት ሊሆን ይችላል፤ በሳይንስ መዝገብ ላይ ግን አልነበረችም። አቡ ዳቢ ካለው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በ2010 ዓ.ም. ክረምት አገኟት። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ፍሪኖባትራከስ ቢቢታ የሚለው ስሟ ታትሞ ወጣ።

አዲስ መሆኗን በምን አወቁ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የእሷ ዘመዶች ብቻ ከ90 ዝርያ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ትንንሽና ቡናማ ናቸው።

ፍለጋው የሚካሄደው በዝናብ ወቅት፣ በሌሊት ነው። ወንዶቹ ሴት ለመጥራት የሚጮኹት ያኔ ነው። ተመራማሪው ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል። ድምፁን ይቀዳል፤ የአየሩንም ሙቀት ይመዘግባል። ሙቀቱ ለምን አስፈለገ? ብርድ ሲሆን ጩኸቱ ስለሚዘገይ፣ ያንኑ ዝርያ ሌላ ሊያስመስለው ይችላል። ድምፅ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሴቷ የራሷን ወገን የምትለየው በእሱ ነውና።

ቀጥሎ ፎቶ ይነሳል፣ እንስሳዋ በሕይወት እያለች። አልኮል ውስጥ ከገባች በኋላ ቀለሟ ይለቃል።

መግደል ግድ ነው? አዎ፣ ጥቂቶችን። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ይሞታሉ። ከዚያ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ገላው ፎርማሊን በተባለው መድኃኒት ይጸናል። ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም፤ ፎርማሊን ዘረመልን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የተፈጥሮ ጽሑፍ፣ ያበላሻል። ከሞቱት አንዷ የስሙ ምስክር ሆና ትመረጣለች፤ ሆሎታይፕ ይሏታል። ወደፊት ማንም ቢጠራጠር ሙዚየም ሄዶ እሷን ራሷን ማየት ይችላል። እኔ ሞቷን ቀላል ነገር አላደርገውም፤ ግን ያለ እሷ ስሙ መሠረት አይኖረውም።

አሁን ከባዱ ሥራ ይመጣል። የእግሯ ርዝመት፣ የጣቶቿ ቅርጽ፣ የጭንቅላቷ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካሉ። ልኩ በየሙዚየሙ ከተቀመጡ የቆዩ ናሙናዎች ጋር ይነጻጸራል። ከመቶ ዓመት በፊት በጥቂት መስመር ብቻ የተገለጸች እንቁራሪት ካለች፣ እሷም መታየት አለባት። አንዱ ዝርያ ብዙ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት ዝርያዎችም ፈጽሞ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ዓይን ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

በዘረመል በኩል ብዙ ጊዜ 500 ያህል ፊደላት ያሉት አንድ ቁራጭ ይነበባል። ከመቶው ፊደል ሦስት ገደማ ከቅርብ ዘመዷ ከተለየ ጥርጣሬ ይነሳል። ይህ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ገላው፣ ድምፁና ዘረመሉ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ተመራማሪው ደፍሮ የሚጽፈው።

ወጪውስ? ያችን አንዲት ቁራጭ ማንበብ በናሙና ጥቂት ዶላር ነው። ገንዘቡን የሚበላው ጉዞው፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የመንገድ መሪዎች አበልና የላቦራቶሪ ሠራተኛው ደመወዝ ነው። ፈቃድም አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገራችንን ዘረመል ወደ ውጭ ለማውጣት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ይህ ጥበቃ ተገቢ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚወደደው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንድ ዝርያ ከተሰበሰበ በኋላ ስም እስኪያገኝ በአማካይ 21 ዓመት ይፈጃል። ናሙናው መደርደሪያ ላይ ይጠብቃል፤ የሚያውቁት ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። የቢቢታዋ እንቁራሪት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መታወቋ እድለኛ ያሰኛታል።

ስም ያላገኘ እንስሳ ለመጥፋት በተቃረቡ ፍጥረታት ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ አይሰፍርም። መንገድ ወይም እርሻ ሲታቀድም ማንም አይቆጥረውም። የቢቢታዋ እንቁራሪት ስም ሲታተም የታወቀው መኖሪያዋ ያ ተራራ ብቻ ነበር፤ ደኑ ቢመነጠር የምትሸሽበት ሌላ ቦታ ያኔ አይታወቅም ነበር።