ነዳጅን በየወገኑ ስለ መለየትና ሞተሮችን ስለ መጠበቅ

በየወረዳው ከበሬውና ከማጭዱ ጎን ልዩ ልዩ ሞተሮች ለሥራ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗል። በወንዝ ዳር የውኃ መሳቢያ፥ በመንደር የእህል ወፍጮ፥ በደን የሞተር መጋዝ፥ በሆቴሎችና በመናፈሻዎች ቅጥር የሣር ማጨጃ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ በነዳጅ የሚሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ነዳጃቸው አንድ አይደለም። የአንዱን ለሌላው የሰጡ እንደ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላሻል፤ ከዚህም የሚብሰው፥ በቤትና በገበያ እሳት ይነሣል፥ የሰውም ሕይወት ይጠፋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ስም ካልተጻፈበት ዕቃ ስለ ሆነ፥ መከላከያው ቀላልና ርካሽ ነው።

ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ የአዲስ አበባን መርካቶ መመልከት ይበቃል። ይህ ገበያ ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የተስፋፋ ነው። ከየክፍሉ የሚመጣ ነጋዴ ወይም ባለይዞታ በሸማ ተራ ጥበቡንና አቡጀዲውን ከገዛ በኋላ፥ ወደ ምናለሽ ተራ አልፎ አሮጌ ጀሪካን፥ ከሌላም መደብር የሞተር ዘይትና መለዋወጫ ይገዛል፤ ሁሉንም በአንድ መኪና ጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጀሪካኑ ብዙ ጊዜ የምግብ ዘይት ይዞ የነበረ ቢጫ ዕቃ ነው። ዛሬ ቤንዚን፥ ነገ ናፍጣ፥ ከነገ ወዲያ ነጭ ጋዝ ቢገባበት መልኩ ያው ነው፤ የሚያውቀውም የቀዳው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በሌለ ቀን ስሕተቱ ይወለዳል።

በሸማ ተራ ራሱ ያለው ሁኔታ ይህንኑ ይገልጣል። መብራት በጠፋ ጊዜ ባለሱቆች ትንንሽ ጄኔሬተሮች ያስነሣሉ። ለምሳሌ በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ የጊቤ 3ኛ ግድብ ውኃ በማነሱ ምክንያት ኤሌክትሪክ በተራ እንዲታደል በተደረገ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ብዙ ሥራ በጄኔሬተር ይካሄድ ነበር። ከጄኔሬተሮቹ አንዳንዱ ንጹሕ ቤንዚን፥ አንዳንዱ ዘይት የተደባለቀበት ቤንዚን፥ ትልልቁም ናፍጣ የሚጠጣ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ነዳጅ ሲበዳደር ሳይጠይቅ የገለበጠ እንደ ሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ የተረፈውም በጣቃ ጨርቅ መካከል የተቀመጠ እንደ ሆነ ሱቁ ሁሉ ለእሳት የተዘጋጀ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነንብረታቸው አጥፍቷል። ይህ ማለት የዚያ ቃጠሎ መነሻ ነዳጅ ነበረ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበት ስፍራ አንድ ነበልባል እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለሁሉ አሳይቷል። በየወረዳው ከተማ ያሉት ገበያዎችም አሠራራቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ የነዳጁን ወገን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን እጅግ ተናኝ ስለ ሆነ፥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያህል በሆነ ብርድ እንኳ ትነቱ በእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ነጭ ጋዝ ግን እስከ 38 ዲግሪ ገደማ፥ ናፍጣም ከ50 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ድረስ ትነቱ እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። ስለዚህ በነጭ ጋዝ ምድጃ ወይም በፋኖስ ውስጥ ቤንዚን የጨመረ ሰው መብራት ሳይሆን ፈንጂ አዘጋጀ ማለት ነው። ጥቂት ቤንዚን በብዙ ነጭ ጋዝ ውስጥ ቢገባም አደጋው አይቀርም።

የሞተሮቹም ወገን እንዲሁ ይለያያል። ባለ ሁለት ምት የሚባለው ትንሽ ሞተር፥ ይኸውም አብዛኛው የሞተር መጋዝ፥ በትከሻ የሚያዝ የሣር ማጨጃና በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ፥ ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋራ የተደባለቀው ዘይት ብቻ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ግን፥ ይኸውም ብዙው የቤንዚን ውኃ መሳቢያና እየተገፋ የሚሄደው የሣር ማጨጃ፥ ዘይቱን በታች ለብቻው ይይዛል፤ በነዳጁ ማጠራቀሚያ የሚገባበት ንጹሕ ቤንዚን ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው በታመቀ አየር ትኩሳት ይነድዳል፤ ያው ናፍጣ የነዳጁን ፖምፓ ያለሰልሳል።

ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ቅጣት አለው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት የሌለበት ቤንዚን ከጠጣ፥ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋራ ይጣበቃል፤ ብዙ ጊዜም መዳኛ የለውም። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይት የተደባለቀበትን ቢጠጣ ይጨሳል፥ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ነገር ግን ቶሎ ከታወቀ ይድናል። የቤንዚን ሞተር ናፍጣ ቢገባበት ጢሱ በዝቶ ይጠፋል ወይም ፈጽሞ አይነሣም። የናፍጣ ሞተር ቤንዚን ቢገባበት ግን ፖምፓው ልስላሴ አጥቶ ይፋቃል፤ ማሳደሱም ውድ ነው። በፎገራ ሜዳ ወይም በጣና ዙሪያ ሽንኩርቱን በሞተር ውኃ የሚያጠጣ ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር በበጋ ከደረሰበት፥ የሚያጣው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ አዝመራው ይደርቃል።

የዘይቱን ልክ የሚወስነው ከሞተሩ ጋራ የሚመጣው መመሪያ ነው። መመሪያው ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት የሚል እንደ ሆነ፥ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል፤ ለ25 እጅ 1 እጅ የሚል እንደ ሆነ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በግምት ማፍሰስ አይገባም። ደግሞም በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከመቶ 5 እጅ በቤንዚን ተደባልቆ መሸጥ ጀምሮ፥ በ2003 ዓ.ም. ወደ ከመቶ 10 እጅ ከፍ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለው ቤንዚን ሲቆይ ውኃ ይስባል፤ ውኃውና ኤታኖሉም ተለይተው ከታች ይዘቅጣሉ። ስለዚህ ዘይት የተደባለቀ ነዳጅ በሥራው ልክ በጥቂቱ ይዘጋጅ እንጂ ከ1 ወር በላይ አይቀመጥ።

ስሕተቱ ደርሶ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩን አለማስነሣት ነው። ነዳጁ ሁሉ ተቀድቶ ይውጣ፤ ማጠራቀሚያው በትክክለኛው ነዳጅ ይታጠብ፤ ካንዴላ ያለው እንደ ሆነ ካንዴላው ወጥቶ ይጠረግ። የናፍጣ ሞተር ከሆነና አንድ ጊዜ ከተነሣ፥ ባለሙያ ሳያየው ዳግመኛ አይነሣ። ነዳጁን በአፍ ስቦ ማውጣት ሳንባን ስለሚጐዳ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የወጣውም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጕድጓድ ውኃ አይፍሰስ።

የወረዳ ሹማምንትና ባለይዞታዎች በየስፍራቸው ሊያስፈጽሙት የሚገባው ይህ ነው፤

1ኛ፤ ለእያንዳንዱ ነዳጅ የተለየ ዕቃ ይመደብ፤ ስሙም በቀለም በጕልህ ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ በዕቃው እጀታ ላይ የጨርቅ ምልክት ይታሰር፤ ለቤንዚን ቀይ፥ ለናፍጣ ጥቁር፥ ለነጭ ጋዝ ነጭ፥ ዘይት ለተደባለቀበት ቀይና አረንጓዴ በአንድነት። ያው ቀለም በሞተሩ ክዳን ላይ ይቀባ። ለዚህ የሚበቃው ጨርቅ በሸማ ተራ ከሚጣለው ቁርጥራጭ የሚገኝ ነው።

2ኛ፤ ገበሬ በጀሪካን ነዳጅ ይገዛ ዘንድ ደብዳቤ በሚጠየቅበት ስፍራ፥ ደብዳቤው የሊትሩን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የነዳጁን ስምና የሞተሩን ዓይነት ይግለጥ። ቀጂውም ደብዳቤውንና የዕቃውን ምልክት አስተያይቶ ይቅዳ። ፈራሚው ሹም አንዲት ቃል በመጨመሩ ብዙ ሞተሮችን ያድናል።

3ኛ፤ ብዙ ሞተሮች ባሉበት መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር፥ የነዳጁን ቁልፍ አንድ ሰው ይያዝ፤ ለማን ምን ያህል እንደ ሰጠም በመዝገብ ያስፈር።

4ኛ፤ ነዳጅ ከመኖሪያ ቤት፥ ከእህል ጐተራና ከጨርቅ ሱቅ ተለይቶ፥ ጥላና አየር ባለበት ይቀመጥ። ሞተሩ ሳይበርድ፥ ወይም ሲጃራ እየተጨሰ፥ ነዳጅ አይጨመር።

5ኛ፤ ነዳጅ በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። ሕፃን የጠጣ እንደ ሆነ ለማስታወክ መሞከር ሳንባውን ስለሚጐዳ ይከልከል፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ቀለም፥ ጥቂት ጨርቅና አንድ መዝገብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ሹሙ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በወረዳው ያሉትን ጀሪካኖች ቢያስመረምርና ስም የሌላቸውን ስም ቢያሰጣቸው፥ የገበሬው ሞተር ከነአዝመራው፥ የነጋዴውም ሱቅ ከነንብረቱ ተጠብቆ ይኖራል።