ስለ ጨብጥ በሽታ፤ ጨረቃ በሐሰት ስለ መከሰሷ

ጨብጥ የያዘው ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ወደ ጨረቃ ዞሬ ሽንቴን በመሽናቴ ነው፣ አለዚያም ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በመቀመጤ ነው የሚል ነው። ይህን የሚናገሩት ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባላስደነቀን ነበር፤ ነገር ግን የተማሩ ሰዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲደግሙት ሰምተናል።

ጨረቃ ግን ከዚህ ነገር ንጹሕ ናት። ጨብጥን የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. አልበርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከሕሙማን መግል ውስጥ በማይክሮስኮፕ አይቶ ገልጦታል። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ለመጀመሪያ ጊዜ ባየነው ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ የቡና ፍሬ ሁለት ክፋይ ፊት ለፊት እንደ ተገጠመ መስሎ ታየን። ይህ ባክቴሪያ በድንጋይም ሆነ በአፈር ላይ ኑሮ የለውም፤ እርጥበት ሲያጣ ፈጥኖ ይሞታል። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ሕፃን ደግሞ በወሊድ ጊዜ ነው።

ታዲያ ጨረቃ እንዴት ተከሰሰች? በወንድ ላይ ምልክቱ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ቈይቶ ነው። ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግልም ይወጣዋል። ሰውየውም ትናንት ማታ የት እንደ ሸና ያስታውሳል እንጂ የአራት ቀኑን መኝታ ሊያስታውስ አይወድም። እንዲህ ያለው ምክንያት ከኀፍረት የሚያድን፣ የትዳርንም ሰላም የሚጠብቅ ይመስላል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ በሽታው ከጨረቃ የመጣ ከሆነ የታመመው ሰውየው ብቻ ነዋ! ሚስቱ ምን አገባት?

አንድ ነጋዴ ይህንኑ እየተናገረ ወደ እኛ መጥቶ ታከመ። ሚስቱን ይዞ እንዲመለስ ብንነግረው ግን «እርስዋ ደኅና ናት፤ አንዳች አላመማትም» አለን። አልዋሸንም። ከሴቶች ብዙዎቹ ጨብጥ ይዞአቸው ሳለ ምንም አይሰማቸውም። ሕመሙ ግን በዝምታ ወደ ማሕፀንና ወደ ዕንቁላል መተላለፊያ ቱቦዎች ይወጣል፤ ቱቦዎቹ ጠባሳ ይዘው ሲደፈኑ ሴቲቱ መካን ትሆናለች፣ ወይም ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ያድርና ሕይወቷን ያሰጋል። ኋላም «አትወልድም» ተብላ የምትፈታው እርስዋው ናት።

የነጋዴው ሚስት ግን ነፍሰ ጡር ነበረች። በቤት የተወለደውን ሕፃን በሦስተኛው ቀን የዐይኖቹ ቆብ አብጦና ተጣብቆ፣ መግል እየወረደው ታቅፈውት መጡ። ፈጥነው በመድረሳቸው ዐይኑ ተረፈ፤ ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ብሌኑ ቈስሎ በታወረ ነበር። እናቲቱም በዚያው ቀን ታከመች፣ አባትየውም እንደ ገና።

ሕፃናትን ከዚህ መዓት መጠበቅ የተቻለው ዛሬ አይደለም። ክሬዴ የተባለው የላይፕሲክ የማዋለጃ ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በተወለዱ ሕፃናት ዐይን የብር ናይትሬት ጠብታ ቢያደርግ፣ ቀድሞ ከመቶ አሥር ያህሉ ይታመሙ የነበሩት ከመቶ ከአንድ በታች ሆኑ። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚወለድ ሕፃን ዐይኑን የቴትራሳይክሊን ቅባት የሚቀባው ስለዚሁ ነው።

ስለ መድኃኒቱም አንድ ነገር እንጨምር። ጨብጥ በመጀመሪያ ሰልፋን፣ ቀጥሎ ፔኒሲሊንን፣ ኋላም ሲፕሮፍሎክሳሲንን ለመደና ናቃቸው። አሁን የሚታመንበት ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መዋጥ ባክቴሪያውን ማሠልጠን ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በፈረንጆቹ 2020 ዓ.ም. ብቻ 82 ሚሊዮን ያህል አዲስ ሕመም ተገኝቷል።

ኮንዶም በትክክል ከተጠቀሙበት መተላለፉን በእጅጉ ይቀንሳል። የታከሙ ባልና ሚስትም ሁለቱም መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ እስከ 7 ቀን መታቀብ አለባቸው። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው በሽታውን ማን እንዳመጣው ልንፈርድ የተቀመጥን አይምሰለው። የምንጠይቀው ባለፉት ሁለት ወራት አብሮት የተኛ ሰው ማን እንደ ሆነ ነው፤ ይኸውም ያ ሰው ደግሞ መርፌውን እንዲያገኝ ነው።