ስለ ዳሌ መጋጠሚያ ሕመምና ስለ እግር ማጠር

ከቢሮ ወንበር ሲነሣ በአንድ ወገን መቀመጫው ላይ ውጋት የሚሰማው ሰው፥ «አንደኛው እግርህ አጥሯል» የተባለ እንደ ሆነ ወዲያው ከጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ታኮውን ከፍ ማስደረግ ይዳዳዋል። ዛሬ የምንናገረው ከዚህ አስቀድሞ ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ ነው።

በአከርካሪ ግርጌ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት በግራና በቀኝ ከዳሌ አጥንቶች ጋር የሚጋጠምበት ስፍራ ሳክሮኢሊያክ ይባላል። ይህ መጋጠሚያ የሰውነትን ክብደት ወደ እግሮች የሚያሸጋግር፥ በጠንካራ ጅማት የታሰረ፥ እንቅስቃሴውም እጅግ ጥቂት የሆነ ነው። ስለዚህ ከባድ አደጋ ሳይደርስ «ዳሌህ ወልቋል» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ መስማት ይገባል።

የእግር ማጠር ሁለት ዓይነት ነው። እውነተኛው፥ በልጅነት በደረሰ ስብራት ወይም በፖሊዮ ምክንያት አጥንቱ ራሱ ያጠረ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ግን አጥንቱ እኩል ሳለ ዳሌው በማዘንበሉ ወይም ጡንቻ በመኮማተሩ ያጠረ መስሎ የሚታየው ነው። ለዚህኛው ታኮ መጨመር ያልጎደለውን መሙላት ይሆናል። ሐኪሙ ሁለቱን ለመለየት በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ፥ እግሮቹንም እኩል ዘርግቶ፥ በዳሌ ፊት ከሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ እስከ ቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጉብታ ድረስ በሜትር ይለካል። ቀጥሎም በሽተኛውን አቁሞ፥ ባጠረው እግር ሥር ስስ ጣውላ እየደራረበ ዳሌው መቼ እንደሚስተካከል ያያል። ልኬቱ በጥቂት ሚሊሜትር ሊሳሳት ስለሚችል አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ ደግ አይደለም። ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ልዩነት በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይገኛል፤ ይህንንም ሱሪ ሰፊዎች ከሐኪሞች አስቀድመው ሳያውቁ አልቀሩም።

ሕመሙ ከመጋጠሚያው መምጣቱን ለመመርመር ደግሞ ሐኪሙ መጋጠሚያውን ሆን ብሎ ያስጨንቃል። የዳሌን ሁለት ጎኖች ወደ ውጭ ይገፋል፤ በጎን አስተኝቶ ይጫናል፤ ጭንን አቁሞ ቁልቁል ይገፋል። በሽተኛው የለመደው ሕመም በአንዱ ፈተና ብቻ ቢቀሰቀስ ብዙ አያስረዳም፤ በሦስት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት ሲቀሰቀስ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ፥ ወደ መጋጠሚያው የተወጋ ማደንዘዣ ሕመሙን ማስታገሡ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ብዙ ጊዜ በዚህ መጋጠሚያ ይመካኝ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የአከርካሪ ዲስክ ወጥቶ ነርቭን እንደሚጫን ከገለጹ በኋላ ግን ፍርዱ ተለወጠ። ስለዚህ ዛሬም ሐኪሙ የተዘረጋውን እግር ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ አንሥቶ ነርቭን ሳይመረምር አያልፍም።

ትኩሳት ያለበት ሰው ያልተፈላ ወተት ጠጥቶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ይንገር፤ ብሩሴሎሲስ ይህን መጋጠሚያ ማጥቃት ይወዳልና። በጭኖቹ መካከል የደነዘዘ ወይም ሽንት የከለከለው ሰው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።