ቤት ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በዛግዌ ነገሥታት ዘመን በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የታነጸ ነው። እንጨቱ ከ800 ዓመት በላይ ለመቆየቱ አንዱ ምክንያት፥ ዋሻው ከዝናብ ስለ ጋረደው ነው።

የከተማ ቤት ግን እንዲህ ያለ መከታ የለውም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፥ የምታስመረምሩት ባለሙያ ጣራው ማፍሰስ አለማፍሰሱን፥ መሠረቱ እርጥበት መሳብ አለመሳቡን፥ የጭቃ ቤትም ከሆነ ምሰሶውን ምስጥ መብላት አለመብላቱን ተመልክቶ በጽሑፍ ያስረክባችሁ።

ሆኖም መርማሪ ዓይኑ የደረሰበትን ይናገራል እንጂ፥ ከልስኑ በስተ ጀርባ የተሸሸገውን አያይም፤ ለነገም ዋስ አይሆንም። ጉድለት የሌለበት ቤት አይገኝም፤ የምርመራው ጥቅም፥ የብዙ ዓመት ቁጠባችሁን ከማውጣታችሁ አስቀድሞ ጉድለቱን አውቃችሁ እንድትዋዋሉ ነው።