«ተጠባባቂ 7ኛ» ሲባል ምን ማለት ነው? የትምህርት ቤት ወረፋ ሒሳብ

ክረምት ሲገባ የምዝገባ ወቅት ይመጣል። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ልጃቸውን የግል ትምህርት ቤት ማስገባት የሚፈልጉ ወላጆች የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶ ይዘው፣ ጭቃውን እየረገጡ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። አንዱ ትምህርት ቤት «ልጃችሁን ተቀብለናል፤ እስከ ዓርብ ክፈሉ» ይላል። ሌላው፣ ቤተሰቡ አብልጦ የሚፈልገው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የልጁን ስም ከ«ተጠባባቂ 7ኛ» ጎን ይለጥፋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? እዚያ መክፈል ወይስ እዚህ መጠበቅ? ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ጥያቄ እራት ላይ ክርክር ያስነሳል። ልጁ ደግሞ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ «አልፈለጉኝም ማለት ነው» እያለ ያስባል። ነገሩን በሒሳብ ስናየው ግን «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ስለ ልጁ ጉብዝና ከሚነግረን ይልቅ፣ ትምህርት ቤቱ ገና ስላላወቀው ነገር የሚነግረን ይበልጣል። እስቲ አብረን እንየው።

ትምህርት ቤቱ ምን አያውቅም?

50 ወንበር ያለው አንድ የ1ኛ ክፍል እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ርዕሰ መምህሩ 50 ልጆችን ብቻ ቢጠሩ፣ የተወሰኑት ሌላ ቦታ ስለሚመዘገቡ ወንበር ባዶ ይቀራል። ባዶ ወንበር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይገባ ክፍያ ነው። ብዙ ቢጠሩስ? ሁሉም ከመጡ ክፍሉ ይጨናነቃል።

ካለፉት ዓመታት ልምድ፣ ከተጠሩት 100 ቤተሰቦች 80ዎቹ ይመዘገባሉ እንበል። 60 ልጆች ቢጠሩ በአማካይ 48 ይመጣሉ። ጥሩ ይመስላል፤ 50 አልሞላም። ግን አማካይ አማካይ ነው፤ አንዳንድ ዓመት 45 ይመጣሉ፣ አንዳንድ ዓመት 52። ሒሳቡ ሲሠራ፣ 60 ከተጠሩ ከ5 ዓመት በአንዱ ገደማ ከ50 በላይ ልጆች ይመጣሉ። ያኔ ትርፎቹ የት ይቀመጣሉ?

ስለዚህ ጠንቃቃ ትምህርት ቤት ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ 55 ልጆችን ይጠራል። በአማካይ 44 ይመጣሉ፤ ከ50 የማለፍ ዕድሉም ወደ 1 ከመቶ ይወርዳል። የቀሩትን 6 ወንበሮች የሚሞላው ከተጠባባቂው ዝርዝር ነው። እንግዲህ ተጠባባቂ ማለት የወደቁ ልጆች ዝርዝር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስንት ሰው እንደሚመጣ ስለማያውቅ ያዘጋጀው መጠባበቂያ ነው፤ መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ እንዲችል እንደሚያደርገው ዓይነት ጥንቃቄ።

7ኛ ሩቅ ነው?

6 ወንበር ይለቀቃል ካልን 7ኛ ተጠባባቂ በአንድ ሰው ተቀደመ ማለት ነው? አይደለም። ከፊቱ ያሉት 6 ልጆችም እስኪጠሩ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ግማሾቹ ሌላ ቦታ ከፍለው፣ ዩኒፎርም አሰፍተው ጨርሰዋል እንበል። ስልክ ሲደወልላቸው «አይ፣ ተመዝግበናል» ይላሉ። ያኔ ከፊት ያሉት በአማካይ 3 ወንበር ብቻ ይወስዳሉ፤ ወረፋውም በአማካይ እስከ 12ኛው ድረስ ይሄዳል። በእነዚህ ቁጥሮች 7ኛው ልጅ የመግባት ዕድሉ ከ4 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ይህ ሒሳብ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ይወስናል ብሎ ይነሳል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ሰው ተያይዞ ይወስናል። አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጎረቤት ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ዘመድ ዘመዱን ይከተላል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለባት የዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራም አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛው ሲዛወር ልጆቹም አብረው ይዛወራሉ። ስለዚህ ወረፋው አንድ ዓመት እስከ 20ኛው ሊሮጥ፣ ሌላ ዓመት 3ኛው ላይ ሊቆም ይችላል። አማካዩ ባይለወጥም መዋዠቁ ይሰፋል።

መክፈል ወይስ መጠበቅ?

አሁን ወደ እራት ክርክሩ እንመለስ። ሁለተኛ ምርጫ የሆነው ትምህርት ቤት መመዝገቢያ 2,000 ብር ይጠይቃል፤ ብትተዉት ገንዘቡ አይመለስም እንበል። ይህ 2,000 ብር በእርግጥ ምን ይገዛል? ዋስትና ነው የሚገዛው። ዋስትናው የሚያስፈልጋችሁ ተጠባባቂው ካልተሳካ ብቻ ነው፤ ይህም ከ4 ጊዜ አንዴ ነው። ስለዚህ 2,000ን በ4 አባዙት፦ 8,000 ብር። ጥያቄው ወደዚህ ይቀየራል፦ «ተጠባባቂው ሳይሳካ ቀርቶ ሁለተኛ ምርጫችንም ቢያመልጠን፣ ጉዳቱ ለእኛ ከ8,000 ብር ይበልጣል?»

ይበልጣል የሚል ቤተሰብ ይክፈል። አይበልጥም የሚል ይጠብቅ። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ለአንዱ ቤት 2,000 ብር የአንድ ቀን ወጪ ነው፣ ለሌላው የወር አስቤዛ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ሁለቱም ቢያመልጡ ልጁ ያለ ትምህርት አይቀርም። የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። በጭንቀት ስናስብ «ሁሉም ነገር ቀረ» እንላለን፤ ማነጻጸር ያለብን ግን ሁለተኛውን ምርጫ ከሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር ነው። ልዩነቱ አንዳንድ ቦታ ትልቅ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከተባለው ያነሰ ነው። ሄዶ ማየት፣ እዚያ ልጅ ያለውን ጎረቤት መጠየቅ ከግምት ይሻላል።

ሁሉም ዋስትና ሲገዛ

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ጥሩ የሆነ ውሳኔ፣ ሁሉም ሲያደርገው ወረፋውን ይቆልፈዋል። ሁለት ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት የተገናኙ ባጃጆችን አስቡ። አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ ቢል ሁለቱም ያልፋሉ፤ ግን ማንም ቀድሞ አይመለስም።

የአንድ ቤተሰብ ልጅ ላይ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ቦታ ይዟል፣ የሚፈልገው ግን ታች ሰፈር ያለውን ነው። የሌላው ቤተሰብ ልጅ ታች ሰፈር ይዟል፣ ልቡ ያለው ላይ ሰፈር ነው። ሁለቱም በሚፈልጉት ቦታ ተጠባባቂ 1ኛ ናቸው። ቢለዋወጡ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን አንዳቸው የሌላቸውን ምርጫ አያውቁም፤ የያዙትን ለቅቀው ባዶ እጅ መቅረትንም ይፈራሉ። ስለዚህ ሁለቱም ባልፈለጉት ወንበር መስከረምን ይጀምራሉ። የኮምፒውተር ሰዎች እንዲህ ያለውን መቆላለፍ ፕሮግራሞች ውስጥም ያገኙታል፤ ከመፍትሔዎቹም አንዱ ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያይ አካል ነው።

«ለጊዜው ያዝ» የሚለው ሐሳብ

እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቪድ ጌል እና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ኮሌጅ መግቢያና ስለ ጋብቻ አጣማሪነት አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። መነሻቸው ልክ የእኛው ጉዳይ ነበር፦ ኮሌጆች ከሚጠሯቸው ስንቱ እንደሚመጣ አያውቁም፣ ተጠባባቂ ዝርዝርም ሁሉንም ወገን ያስጨንቃል። ያቀረቡት ዘዴ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል።

ሦስት ልጆች አሉ፦ ሀ፣ ለ እና ሐ። ሦስት ትምህርት ቤቶች አሉ፦ ሰሜን፣ ምሥራቅ እና ደቡብ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ወንበር አላቸው። ልጆቹ በቅደም ተከተል እንዲህ መርጠዋል፦

- ሀ፦ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ
- ለ፦ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ
- ሐ፦ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ደቡብ

ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው፤ ወንድም ወይም እህት እዚያ ያለው ይቀድማል፣ ወይም በመግቢያ ፈተና ይለያሉ። ሰሜን ለን፣ ቀጥሎ ሐን፣ ቀጥሎ ሀን ያስቀድማል። ምሥራቅ ሀን፣ ሐን፣ ለን።

1ኛ ዙር፦ ሀ እና ለ ሰሜንን ይጠይቃሉ፤ ሐ ምሥራቅን። ሰሜን ለን *ለጊዜው* ይይዛል፣ ሀን ይመልሳል። ምሥራቅ ሐን ለጊዜው ይይዛል።

2ኛ ዙር፦ ሀ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ምሥራቅ ከሐ ይልቅ ሀን ስለሚያስቀድም ሀን ይዞ ሐን ይለቃል።

3ኛ ዙር፦ ሐ ሰሜንን ይጠይቃል። ሰሜን ለን ስለሚያስቀድም አይቀበልም።

4ኛ ዙር፦ ሐ ደቡብ ይገባል። ተጠናቀቀ።

ሐ ሦስተኛ ምርጫው ደረሰው፤ ያሳዝናል። ግን አብልጦ የሚፈልጋቸው ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የያዙት እነሱ የሚያስቀድሙትን ልጅ ነው። ስለዚህ «እኔን ትተው ከእኔ በኋላ ያለውን አስገቡ» የሚል ልጅ አይኖርም። ምስጢሩ «ለጊዜው» በሚለው ቃል ውስጥ ነው፤ ዙሩ እስኪያልቅ ማንም አይከፍልም፣ የያዘውንም ለቅቆ ባዶ አይቀርም። ልጆችም እውነተኛ ምርጫቸውን በመጻፋቸው አይጎዱም። «መጀመሪያ የሚቀለውን ልጻፍ» የሚል ብልጠት አያስፈልግም።

የኒው ዮርክ ከተማ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿን ምደባ በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርታ ስታስተካክል፣ ጨርሶ ወዳልመረጡት ትምህርት ቤት የሚመደቡ ተማሪዎች ቁጥር በ90 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ሥርዓቱን ከቀረጹት አንዱ አልቪን ሮት ከሻፕሊ ጋር በ2012 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። ጌል ከአራት ዓመት በፊት አርፎ ነበር።

በእኛ ከተማስ?

በማዕከል መመደብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። 12ኛ ክፍል ያለፈ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ውጤትንና ምርጫን አይቶ ይመድባል። የግል ትምህርት ቤቶች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመዘግባሉ። የአንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ መልስ የሚሰጡበትንና የሚያስከፍሉበትን ቀን ቢያስማሙ እንኳ ግማሹ መቆላለፍ ይፈታል። ሦስትና አራት ዝርዝር ላይ የተጻፈው ያው አንድ ልጅ መሆኑም ይታወቃል። ደግሞስ ተራን በስምምነት ማስያዝ ለጉራጌ ሰው ማን ያስተምረዋል? እቁብ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

እስከዚያው ግን ወላጆቻችሁ ጽሕፈት ቤቱን ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ንገሯቸው፦ ስንተኛ ነን? ባለፈው ዓመት እስከ ስንተኛ ተጠራ? የመጨረሻው ጥሪ መቼ ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የማትፈልጉት ወንበር በእጃችሁ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ልቀቁ። አንድ የተለቀቀ ወንበር አንድ ልጅ ብቻ አያስገባም፤ የገባው ልጅ የያዘውን ይለቃል፣ እሱ የለቀቀውን ሌላው ይይዛል፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል።

ሞክሩት

አምስት ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ። አራቱ ላይ «መጣ»፣ አንዱ ላይ «ቀረ» ብላችሁ ጻፉ። ጠቅልላችሁ ቆብ ውስጥ አድርጉና አንዱን አውጡ፤ ውጤቱን መዝግባችሁ መልሱት። ይህን 55 ጊዜ ደጋግሙና «መጣ» ስንት ጊዜ እንደወጣ ቁጠሩ። ከ50 ቀንሱት፤ የሚቀረው ቁጥር ለተጠባባቂዎች የተረፈው ወንበር ነው። ከፊታችሁ ላሉት ስድስት ተጠባባቂዎች ደግሞ ሳንቲም ወርውሩ፤ አንበሳው ከወጣ ወንበር ይወስዳሉ። ለ7ኛው ልጅ ወንበር ተረፈለት? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተካፍላችሁ 20 «ዓመት» ብትሠሩ፣ 7ኛው ልጅ ስንቱን ዓመት እንደሚገባ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ከዓመት ዓመት የተቀየረው ዕጣው ብቻ ነው።