የአሮጌ ሞቶር ቢስክሌት እሳት ሲደክም

በአሶሳና በደብረ ዘይት በኩል ከገበያ ወደ ገበያ ለሚዘዋወር ነጋዴ አሮጌ ሞቶር ቢስክሌት ታላቅ አገልጋይ ነው። ነገር ግን ዝናብ በሚበረታበት ወራት ርጥበት እየገባ እሳቱ ይደክማል፤ ሞተሩም አልነሣ ይላል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ሳይመረምር ቦቢና ይገዛል፤ ባለሱቁም ሳይጠይቅ ይሸጥለታል። ሞተሩ በማግስቱ እንደ ቀድሞው እምቢ ሲል ገዥው ገንዘቡን፣ ሻጩም ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ መመርመር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

በመጀመሪያ ካንዴላው ተፈትቶ፣ ገመዱ እንደ ተሰካበት፣ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ይነካካል፤ ከዚያም መነሻው ፔዳል በእግር ይመታል። ቤንዚን በፈሰሰበት ስፍራና በካንዴላው ቀዳዳ አጠገብ ግን ይህን ማድረግ ቃጠሎ ያስከትላል። ጤነኛ እሳት ሰማያዊና ድምፁ የሚሰማ ነው፤ ቀጭንና ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ግን ደክሟል። በአየር ላይ ደካማ ሆኖ የታየ እሳት፣ አየርና ቤንዚን በታመቀበት በሲሊንደሩ ውስጥ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ ካንዴላው በአዲስ ተለውጦ ይሞከራል፤ የገመዱ ኮፍያና የዛገ የሽቦ መጋጠሚያም ይጠረጋል። ለውጥ ካልታየ ፑንቲናው ይታያል። ጫፎቹ ዘይት ከነካቸው ወይም ከተቃጠሉ ይጸዳሉ፤ በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ነው። በፑንቲናው ጫፎች መካከል ብርቱ ብልጭታ ከታየና ጫፎቹ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠሉ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ዋጋው አነስተኛ የሆነው ኮንደንሰር ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ካልበረደም የማይነሣ ከሆነ ግን ቦቢናውን መጠርጠር ይገባል። ማግኔቱ ደክሞ እንደሆነ የሚመረመረው በመጨረሻ ነው።

ካንዴላ፣ ፑንቲናና ቦቢና ከኢጣልያንኛ የተወረሱ የጋራዥ ቃላት ስለሆኑ፣ ወደ ሌላ አገር ለሚላክ የትእዛዝ ደብዳቤ ብቻቸውን አይበቁም። አስመጪው የሞተሩን ዓይነትና ቁጥር፣ እንዲሁም ኤሌክትሪኩ 6 ወይም 12 ቮልት መሆኑን ለይቶ መጻፍ አለበት። በኤሌክትሮኒክ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ፑንቲና ስለሌላቸው፣ ባለሱቁ ዕቃውን ከመስጠቱ አስቀድሞ የሞተሩን ዕድሜና ዓይነት ቢጠይቅ ዕቃ ከመመለስ፣ ደንበኛም ከመቀየም ይድናል።